ዘፋኝ የሌለው የአጎቴ አልበም

እኛ ጎጃሜዎች ዝምታ አይስማማንም። ዝም ያለ ነገር ካየን አንድ ግጥም ጣል ሳናደርግበት አናልፍም። አጎቴን ለዓመታት ያበሳጫቸው ይኼው ጠባያችን ነው።

ጋሽ ይትባረክ ፒያኖ ተጫዋች ነበሩ። አዲስ አበባ ሆቴል ለሆቴል ሲጫወቱ ኖረው፣ አንድ ጊዜ ስቱዲዮ ገቡና የጃዝ ፋንክ አልበም ቀረጹ። ቤዙ ደረት ይደበድባል፣ ከበሮው አያስቀምጥም፣ ፒያኖውማ ምኑን ልንገራችሁ! ግን ዘፋኝ የለውም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቃል አይወጣም። ማን ይግዛው? ሰዉ ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው እያለ ጠብቆ ጠብቆ ተወው። እሳቸውም ተናደው ቡሬ ገቡ፤ በርበሬ ነጋዴ ሆኑ። አንድ ቀን እንኳ ሰው ዝም ብሎ ፒያኖዬን ቢሰማልኝ ሌላ ምንም አልፈልግ ይሉኛል። አንጀቴን ይበሉታል።

እኔ ምን አደረግሁ? አልበሙን በፍላሽ ገልብጬ ለአንድ የባጃጅ ሹፌር ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው! ከቡሬ እስከ ደምበጫ ያለ እሱ ሠርግ አልደምቅ አለ። የአገሬ ሰው፣ አዝማሪ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ዝም ካለ ግጥም ስጡኝ ማለቱ እንደሆነ ያውቃል። ይኼም ፒያኖ ግጥም የሚለምን መሰለው! ታዲያ ግጥም ተለምኖ የሚነፍግ ጎጃሜ የት አለ?

ባለፈው ጥር እኔና ጋሼ ፍኖተ ሰላም አጠገብ ካለ ገጠር ሠርግ ተጠራን። ዳሱ ሞልቷል፣ ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል። ድንገት የጋሼ ዜማ ተለቀቀ። እሳቸው ጠላቸውን አስቀምጠው ጆሯቸውን አቆሙ። ወዲያው እትዬ የኔነሽ የሚባሉ ባልቴት ማይኩን ተቀበሉና፦

የሙሽራው አያት ጠጁን ጨለጠና፣
ሚዜ ነኝ ይለናል ሽበቱን ረሳና!

ዳሱ በሳቅ ሊፈርስ! እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀጥላል። ጋሼ ግን ፊታቸው የሚሸጡትን በርበሬ መሰለ። "ሥራዬን ገደሉት!" ብለው ተነሡ። ኩታቸውን ብይዝ እጄ ላይ ቀረ። ወይ ጉድ፣ የሰው ሠርግ ሊበጠብጡ ነው ስል፣ ማይኩን ነጠቁና ማስረዳት ጀመሩ። የተጫወትሁት እኔ ነኝ፣ አሁን ነው ዋናው የሚመጣው፣ ቃል አያስፈልገውም፣ አዳምጡ ይላሉ። የበርበሬ ነጋዴ ይኼን ሲል ማን ያምናል?

እትዬ የኔነሽ ክንዳቸውን ያዝ አደረጓቸው።

"አንቱ ሰውዬ፣ ኧረ በማርያም ዝም ይበሉ! ይቺ ቦታ የፒያኖዋ ናት። እዚችጋ ሰው አያወራም።"

ጋሼ ዞር ብለው አዩ። ዳሱ ሙሉ ሰው ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፤ ሙሽሮቹም ጭምር። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚያወሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ፒያኖው ሲያበቃ እትዬ የኔነሽ ክንዳቸውን ለቀቁና፣ "በሉ አለቀች፤ አሁን እንዳሻዎ ያውሩ" አሏቸው።

ጋሼ እየሳቁ ያለቅሳሉ። ማይኩንም ለእኔ ሰጡኝ።