የእድራችን ድንኳን ጣና ላይ

አምሮት ደግነቱ መድኃኒቱ ቅርብ መሆኑ ነው። ሥጋ ያማረው ሉካንዳ ይሄዳል፤ ጠላ ያማረው ጎረቤት ይጠይቃል። ደብረ ታቦር ተራራ ላይ ተቀምጦ ባሕር የሚያምረው ሰው ግን ምን ይደረጋል? ጠበል ቢያስጠምቁት አይለቀው!

ጎረቤቴ አያ ቢምረው እንዲህ ያለ ሰው ነው። እኔ የሰው ወሬ አልወድም፤ ግድግዳችን አንድ ሲሆን ግን ጆሮዬን የት ላድርገው? በወጣትነቱ ምጽዋ ባሕረኛ ነበር። አገሩ ከገባ ጀምሮ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ደጅ ወጥቶ ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ሰማይ ያነሣል። ሚስቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ገብስ ልታዘራ ነው?» ትለው ነበር።

በስተርጅናው የመንታ ጀልባ ማኅበር አቋቋመ። መጀመሪያ ምን ተሠራ ትላላችሁ? ጀልባው? አዬ! ሊቀመንበር ተመረጠ፤ ጸሐፊ ተመረጠ፤ አርፋጅ እንዲቀጣ ተወሰነ፤ ማኅተም ተቀረጸ። ከዚያ በኋላ ነው ከወረታ ወዲያ ሐይቁ ዳር ወርደው ሁለት የደንገል ታንኳ በባሕር ዛፍ ጎን ለጎን ያጣመሩት። ፈረንጅም እንዲህ አጣምሮ ነው አሉ በነፋስ የሚጋልበው። በሬ ስንጠምድ የኖርን ሰዎች ታንኳ መጥመድ ያቅተን?

የቀረው ሸራ ነበር። ነፋስ የሚችል ሸራ ደግሞ በሰፈሩ አንድ ብቻ ነው፤ የእድሩ ድንኳን። እሱም የሚቀመጠው እኔ ቤት፣ ቁልፉም አንገቴ ላይ። አያ ቢምረው መጥቶ፣ «እታለም፣ ለአንዲት ቅዳሜ ክዳኑን ብቻ» አለኝ። እምቢ አልሁ። ዓይኑን ሳይ ግን አንጀቴ አልቻለም። ሳይቀደድ፣ ሳይበሳ፣ እኔም አብሬ ወርጄ ልጠብቀው ተስማማን። የእድሩን ዳኛ አላስፈቀድንም። በአንድ ቅዳሜ ማን ሊሞት?

የማኅበሩ አባል ልብስ ሰፊው ኑሩ ሸራውን ታንኳው መሃል በቆመው ምሰሶ ላይ ሰቀለና ከአያ ቢምረው ጋር ተሳፈሩ። ነፋሱ ሲገባበት! ስንት ዘመን ለቅሶ ላይ አንገቱን ደፍቶ የኖረ ድንኳን ደረቱን ነፋ። ታንኳው ውኃውን እንደ ደህና በሬ እየሰነጠቀ ሄደ። አያ ቢምረው ይስቃል። ጥርሱ ጥቂት መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ፤ ለካ እስከ ዛሬ ስቆ አያውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አለቀስሁ።

ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። እማሆይ ብርቄ አርፈዋል፤ ቀብር ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ድንኳኑ ይውጣ።

ከየት ይውጣ? ከሐይቁ መሃል? ብጮህ ማን ሊሰማኝ! ለቀስተኛ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ እኔ የት ልገባ ነው? ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጭኜ በዳር በዳር ሮጥሁ። የደጋ ሰው እጅ ራስ ላይ ተጭኖ ካየ ሌላ መርዶ ነጋሪ አይሻም። አያ ቢምረው ሸራውን አዞረ። ያለ ሞተር እንዲያ ፈጥኖ የመጣ ነገር አላየሁም።

ክዳኑን ሚኒባስ ጣራ ላይ ጭነን ከነፍን፤ ለቀስተኛው ከቀብር ሲመለስ ድንኳኑ ተተክሎ ጠበቀው። እሰይ ብዬ ሳልጨርስ ከክዳኑ እጥፋት ጣት የምታህል ዓሣ ዱብ አለች፤ የእድሩ ዳኛ ጭን ላይ። ዳኛው ወደ ላይ አዩ። ቀጥለው እኔን አዩ።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። እኔ ቁልፌን ልነጠቅ፣ ማኅበሩም ሸራ አጥቶ ሊፈርስ ነው። አያ ቢምረው ተነሥቶ፣ «ጌቶቼ፣ ይህ ድንኳን ዕድሜውን ሙሉ ለሞተ ቆሟል፤ አንድ ቅዳሜ ለሕያው ቢቆም ምን ይላል?» አለ። ዳኛው ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና፣ «ለመሆኑ ነፋሱን ቻለው?» ብለው ጠየቁ። መዳናችንን ያን ጊዜ አወቅሁ። ተፈቀደ፤ ግን በሰፈሩ የሚያሰጋ በሽተኛ በሌለበት ቅዳሜ ብቻ።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ ዓርብ ዓርብ በሽተኛ ይጠይቃል። ገንፎ የሚያገነፋ እሱ፣ ሐኪም ቤት የሚያደርስ እሱ። እንዲህ ያለ ደግነት በሰፈራችን ታይቶ አይታወቅም። ባለፈው እኔን ትንሽ ቢያስለኝ ማኅበሩ በሙሉ ብርቱካን ይዞ ከች አለ። አያ ቢምረው ግንባሬን ዳሰሰና፣ «እታለም፣ አደራሽን፣ እስከ እሑድ ብቻ» አለኝ።

ለማኅበሩ ስል ቃል ገባሁ። ብርቱካኑ ማር ነበር። ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው፤ ጉሮሮዬን ከርከር እያደረገኝ ነው።