መምህር ዳኛቸው እና የአክስቴ የከሰዓት ቡና

ሳይጠየቅ የሚያክም ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለከተማችን ለንፋስ መውጫ የደረሳት መምህር ዳኛቸው ነው፤ እኛ «ሊቀ ቡና» እንለዋለን። ባዮሎጂ ያስተምራል። ሲኒ ያነሳ ሰው ካየ ስለ ካፌይን ሳያስረዳው አያልፍም። አንጎል ሲደክመው አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር «በቃህ፣ ተኛ» ሊለው ይመጣል፤ ካፌይን ግን ቀድሞ ቦታውን ይይዝበታል። ቡና ውስጥ ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባልም አለ፤ እሱን ሲጀምር ብዙው ሰው ሲኒውን ጨልጦ ይነሳል። ባጃጅ ነጂ መታጠፊያ ቢስት፣ ተማሪ ፈተና ቢወድቅ፣ ምክንያቱ ያልተጠጣ ቡና ነው። «ጥናቱ ነው የሚለው፣ እኔ አይደለሁም» ማለት ይወዳል።

አምና አክስቴ እትዬ አልጣሽ መርሳት ጀመሩ። ድስት ጥደው ገበያ ይወጣሉ፤ እኔን በሟች ባላቸው ስም ይጠሩኛል። ልጃቸው ልመንህ ከባሕር ዳር መጥቶ ቤቱን ዘግቼ ይዣቸው ልሂድ አለ። እሳቸው አልተከራከሩም፤ ጓሯቸው ያለውን ጌሾ ብቻ ያዩ ነበር።

ሊቀ ቡናችን ይህን ሰምቶ መጣ። ከሰዓት በኋላ የሚጠጡት ላይ ሁለት ሲኒ ይጨምሩ ብሎ አዘዘ። የተማረ ሰው ቃል ነው ብለው ጠጡ። በአሥራ አምስት ቀን ባሰባቸው፤ ልመንህም ልብሳቸውን በሻንጣ መክተት ጀመረ።

ዳኛቸው ሊጠይቃቸው ሲመጣ እንቅልፋቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቃቸው። ባሌ ከሞተ ወዲህ መች ተኝቼ አሉት፤ አንተ ካዘዝክልኝ ወዲህማ ጭራሽ።

ዳኛቸው ወደ ልመንህ ዞረ።

«ያባባስኩት እኔ ነኝ» አለው። «ከሰዓት የተጠጣ ቡና እስከ ማታ ከሰውነት አይወጣም፤ ያልተኛ አንጎል ደግሞ ነገር አይዝም። ሐኪም ይያቸው። አንድ ወር ታገሰኝ፤ ካልተሻላቸው እኔው መናኸሪያ ድረስ ሻንጣቸውን እሸከማለሁ።»

ሐኪም አያቸው፤ ቡናውም ለጠዋት ብቻ ሆነ። አክስቴ መጀመሪያ ራሳቸውን እያመማቸው ተነጫነጩ። ብቻቸውን እንዳይፈተኑ ብሎ ዳኛቸውም የከሰዓት ቡናውን ተወ፤ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እየመጣ አብሯቸው ተቆልቶ የተፈላ ገብስ ይጠጣል። በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ዛሬም አንዳንድ ነገር ይረሳሉ፤ ዕድሜ ነው። ልመንህ ግን ብቻውን ተመለሰ።

ወሩ ካለፈ ቆየ፤ ዳኛቸው ግን አልቀረም። ትናንት የከሰዓት ቡናህን ለምን መልሰህ አትጀምርም ብዬ ብጠይቀው ስለ ገብስ ጥቅም ያስረዳኝ ጀመር። ላቋርጠው ስል አክስቴ ክንዴን ያዙኝ።

«ተወው፣ ይናገር» አሉኝ ቀስ ብለው። «እሱ ሲያወራ ቤቴ ሰው አለው።»

እኔም በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ።