እናቴ ለሐኪሙ የመሰከረችልኝ

ሪያድ ውስጥ የወንድ ልብስ ሁሉ ነጭ ነው ብል አላጋነንኩም። ለእናንተ ይሄ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጥሮ ለሚሠራ ዝንጉ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ቶብ የሚሉት ረጅም የወንድ ቀሚስ አንዱ ከሌላው የሚለየው አንገቱ ላይ በተጻፈች ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሯን ለማየት ደግሞ ማየት እንዳለባችሁ ማስታወስ አለባችሁ። እኔን የቸገረኝ እሱ ነው።

የምሠራው ባዲዓ የሚባል ሰፈር ነው። ቶብ ዘርግቼ መተኮስ እጀምራለሁ። አንዱን እጅጌ ጨርሼ ወደ ሌላው ስሻገር አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ምን? ምንም ሊሆን ይችላል። ኮምቦልቻ ያለው የቤታችን በር ቀለም። እሱን ተከትዬ እሄዳለሁ፤ ካውያው ቶቡ ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ የሚመልሰኝ ሽታው ነው። አንድ ሐሙስ ግን ነገሩ ከማቃጠል አለፈ። የሙሽራ ቶብ ለአንድ ሽማግሌ ደንበኛችን ሰጠሁ፣ የሽማግሌውን ለሙሽራው። ሽማግሌው ደግሞ ድንክ የሚባሉ ናቸው። ሙሽራው እጅጌው ክርኑ ጋ ቀርቶበት እንግዶቹን እንደተቀበለ ሰማሁ።

አለቃችን የመናዊ ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም። አልጮኸብኝም። ቁጭ አድርጎ፣ ይሄ ነገር ከተደገመ ከፊሉ፣ ዋስ የሆነህ ሳውዲ፣ ኹሩጅ ያስመታብሃል፣ እኔም ላስጥልህ አልችልም አለኝ። ኹሩጅ ማለት እንግዲህ ወደ አገርህ ግባ፣ ኸላስ፣ በቃህ ማለት ነው። እናቴ የግፊት መድኃኒቷን የምትገዛው እኔ በምልከው ነው። እኔ ከገባሁ ማን ሊገዛላት?

መንፉሐ ሰፈር አብሮኝ የሚኖረው ሰይድ፣ ይሄ የሰው ዓይን ነው አለ፤ ቀጥሎም አግባ አለኝ። ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ አልጠየቅኩትም። በኢንሹራንሴ ያየኝ ሐኪም ደሜን አስመርምሮ ቫይታሚን ዲ ጎድሎሃል አለ። እስቲ ይታያችሁ፣ ሪያድ ተቀምጦ ፀሐይ ጎደለህ መባል።

መላ ያመጣችልኝ ዘሀራ ናት። ዘሀራ ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት፤ የቤቱን ልብስ ከሾፌሩ ጋር እየመጣች ታስረክበናለች። የሙሽራውን ታሪክ ስነግራት አልሳቀችም።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ስም ያለው ነገር ነው» አለች። «የማዳሜ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረዋ፣ ልክ እንዳንተ ነበረች። ሐኪም አይቷት መድኃኒት ጀመረች። አሁን ቁልፏን ስፈልግ አልውልም።»

ክሊኒኩን ጠቆመችኝ፣ ሄድኩ። ሐኪሙ ሱዳናዊ ነው፣ ድምፁ ለስላሳ። ብዙ ጠየቀኝ፣ ብዙ ሰማኝ። ያልከው ሁሉ ኤዲኤችዲ የሚሉትን ይመስላል አለኝ፤ ትኩረት የሚበትን፣ ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የሚያድግ ነገር ነው። ግን ጎልማሳ ሰው ላይ ድንገት ስለማይመጣ፣ ልጅ ሳለህ የሚያውቅህ ሰው ካለ ላነጋግር አለ።

እንዴት አይኖርም? ሙሉ ሰፈር አለኝ።

እናቴ ሱቅ ስትልከኝ የሸሚዜን ጫፍ ትቋጥርልኝ ነበር፤ ለአንድ ዕቃ አንድ ቋጠሮ። ሱቅ ስደርስ ቋጠሮው አለ፣ ዕቃው ከጭንቅላቴ የለም። ባለሱቁ ጋሽ እንድሪስ ሸሚዜን ያያሉ፣ ሰዓቱን ለመገመት ቀና ብለው ፀሐዩን ያያሉ፣ ከዚያ ስኳር ወይም ክብሪት ይሰጡኛል። እናቴ አንድም ቀን መልስ ብላ አልላከችኝም። ወፍጮ ቤት የረሳሁትን እህል ባለወፍጮው ፈጭቶ ከበሩ ሥር ያቆይልኛል። መንገድ ዳር ቆሜ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ የጭነት መኪኖችን ሳይ ከዋልኩ አንዷ ጎረቤት፣ «ሙሄ፣ የተላክኸው ወዴት ነበር?» ትለኛለች። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «አሁን ልሄድ ነበር»። ያኔ ሕመም እንዳለብኝ የነገረኝ የለም። ለካ ሰፈሩ ተከፋፍሎ ተሸክሞልኝ ኖሯል። ሪያድ ስመጣ ሸክሙን ብቻዬን ይዤው መጣሁ። ያን ሰፈር እንዴት እንደሚናፍቀኝ አትጠይቁኝ።

ስለዚህ እናቴ ዘንድ ደወልን፣ በድምፅ ማጉያ፣ አስተርጓሚው እኔ።

«እማዬ፣ ሐኪም ዘንድ ነኝ። ልጅ ሳለሁ እንዴት እንደነበርኩ ሊጠይቅሽ ነው።»

«የሳውዲ ሐኪም?» አለች፣ ድምፅዋ ተለውጦ። ያኔ አልገባኝም፣ አሁን ይገባኛል። እኛ ሰፈር የሳውዲ ሐኪም ሲባል ለሥራ የሚደረገውን የጤና ምርመራ፣ ሜዲካልን፣ የሚሠራ ማለት ነው። ሜዲካል የወደቀ ይመለሳል። የጎረቤታችን ልጅ እንደዚያ ሆና፣ የተሸኘችበትን ሻንጣ ይዛ በሳምንቱ ተመልሳለች። እናቴ ልጇ ሊወድቅ ነው ብላለች በቃ።

«ይጠይቀኝ» አለች፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ።

ይረሳ ነበር? «ኧረ እሱ፣ የአምናውን ነገር እንኳ የማይረሳ ልጅ ነው።» አንድ ቦታ መቀመጥ ይችል ነበር? «ካላነሱት አይነሳም።» የጀመረውን ይጨርስ ነበር? «ሳይጨርስ እህል በአፉ አይዞርም።»

ይሄን ሁሉ ወደ ዐረብኛ የምመልሰው እኔው ነኝ። ወላሂ፣ እያስተረጎምኩ ልጁን ወደድኩት። እንደሱ ያለ ልጅ ቢኖረኝ አልኩ።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪው እንጂ» አልኳት።

«እውነቱን ነው የነገርኩት» አለች፣ ፍንክች ሳትል።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እናትህ እንደሚሉት ከሆነ ምንም የለብህም አለኝ። ያለ መድኃኒት ወደ ካውያዬ ልመለስ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ደግሞ አውቀዋለሁ። ሐኪሙ እናቴን አመሰገናት፣ እኔም አስተረጎምኩ። ምስጋናውን ስትሰማ በማለፌ እርግጠኛ ሆነች መሰለኝ፣ የገዛ ድምፅዋ ተመለሰ።

«ሙሄ፣ ስትነሳ ጃኬትህን ወንበሩ ላይ እንዳትተወው። ከታክሲ ስትወርድ ኪስህን ዳብስ፣ የኢቃማ መታወቂያህን እይ። ቡታጋዙን ዘግተህ ነው የወጣኸው? ለሰይድ ደውለህ ጠይቀው። ምሳህንስ በልተሃል ወይስ ዛሬም ረስተኸዋል?»

«አሁን ምን አሉህ?» አለ ሐኪሙ።

አንድ በአንድ ነገርኩት። ስለ ጃኬቱ ስነግረው ዞር ብዬ አየሁ፤ ወንበሩ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሏል። ሐኪሙም አየው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ይሉሃል?»

«ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ።»

እስክሪብቶውን አነሳ። «ኸላስ» አለ። «የጎደለኝ ይሄ ነበር። ምስጋናዬን በድጋሚ ንገርልኝ።»

«አለፍክ?» አለች እናቴ።

«አለፍኩ እማዬ።»

«አልሐምዱሊላህ።» በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ፣ የሙሄ እናት ልጇን በስልክ ሜዲካል አሳለፈችው ብሎ አወራ።

መድኃኒቱ ተአምር አይደለም። ግን የአንድን ቶብ ሁለት እጅጌ ሳላቋርጥ እተኩሳለሁ። አለቃዬም ስለ ኹሩጅ ማውራቱን ተወ። ቅር የሚለኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ድሮ ከእጅጌ ወደ እጅጌ ስሻገር ኮምቦልቻ ደርሼ እመለስ ነበር። አሁን ሥራ ላይ እያለሁ አልሄድም። ሥራዬ ተስተካከለ፣ መንገዱ ራቀ።

እናቴ ግን በየማለዳው ትደውላለች። «ውጠሃል?» ትለኛለች። እኔም ገና ካልዋጥኩ «አሁን ልውጥ ነበር» እላለሁ።

ባለፈው አንድ ጠዋት ሳትደውል ቀረች። መድኃኒቴን ያለ አስታዋሽ ዋጥኩ። ኩራቴን ልነግራት ስልኩን ሳነሳ፣ ስንት ዘመን ለመድኃኒቷ ገንዘብ ስልክላት፣ ዋጠችው ወይ ብዬ ጠይቄ እንደማላውቅ ትዝ አለኝ።

«እማዬ፣ የግፊቱን መድኃኒት ውጠሻል?» አልኳት።

መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ፣ ቀጥሎ ሌላ መሳቢያ፣ ከዚያ ውሃ ሲቀዳ።

«አሁን ልውጥ ነበር» አለች።