ዘበኛው ያረመው ገጽ

ሰው በኤሚሩ አይቀናም። ቅናት ቅርብ ሰው ትወዳለች፤ አልጋው ካልጋህ አንድ ክንድ የሚርቅ፣ ሳሙናህን የሚጋራ ካልሆነ አትሞቅም። የኔው ሰው ዳዊት ይባላል። በዚህ በዐረብ አገር፣ ኡም ጉዋይሊና በሚባል ሰፈር ለአራት በተከራየናት ክፍል የአልጋ ጎረቤቴ ነው፤ ቀን ቀን ደግሞ እኔ በምሠራበት ሕንፃ በር ላይ ዘበኛ ነው።

እኔስ? እኔ ባለ ዲግሪው፣ ባለ ክራባቱ፣ አራተኛ ፎቅ ባለች የሶፍትዌር ድርጅት ሰነድ ጸሐፊ ነኝ። ፕሮግራመሮቹ የሚሠሩትን ለሌሎች እንዲገባ አድርጎ መጻፍ ነው ሹግሌ፣ ሥራዬ። ለእኔም እንዲገባኝ የሚል ነገር ውሌ ላይ የለም።

ዳዊት በር ላይ ተቀምጦ ከስልኩ ፕሮግራም ይማራል። ያልገባውን፣ ፕሮግራመሮቹ ለሻይ ሲወርዱ ይጠይቃቸዋል፤ እነሱም ቆመው ያስረዱታል። አንጀቴ ያርራል። እኔን ሻይ ጠጣ ያለኝ አለ?

አንድ ቀን አለቃዬ፣ ሊባኖሳዊ ነው፣ አንድ ገጽ ጻፍ አለኝ። ፕሮግራመሮቹ ሥራቸውን የሚያስቀምጡት ጊት በሚባል፣ እያንዳንዱን ለውጥ በሚመዘግብ ሶፍትዌር ነው። ትልቁ ፕሮጀክት በውስጡ ሰብሞጁል የሚሉት ትንሽ ፕሮጀክት አለው። ታዲያ ትልቁ ስለ ትንሹ የሚመዘግበው «የትኛውን እትም ልጠቀም» የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች ቁጥሩን ለየብቻ ከቀየሩት፣ ሥራቸው ሲዋሃድ ግጭት ይነሣል። እሱ እንዴት እንደሚፈታ ነው የምጽፈው።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አበው። እኔ ጠመጠምኩ። «ከሁለቱ አዲሱን ቁጥር ይምረጡ» የሚለውን፣ ማለትም ኸላስ፣ በቃ አለቀ የሚለውን፣ በሚያምር እንግሊዝኛ አስፍቼ ጻፍኩት።

በሳምንቱ አንዲት ፊሊፒናዊት ፕሮግራመር መመሪያዬን ቃል በቃል ተከተለች። አዲሱን መረጠች፤ የባልደረባዋ የአሥር ቀን ሥራ ከፕሮጀክቱ ቀረ። ይህም የታወቀው ሥራው ደንበኛ ፊት ሲቀርብ ነው። አለቃዬ ገጹን አትሞ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና፣ እስከ ነገ ካላስተካከልከው ስለ ኢቃማህ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድህ፣ እንነጋገራለን አለኝ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

በምሳ ሰዓት ወረቀቱንና ሻይዬን ይዤ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዳዊት ምን ሆንክ ሳይል ከእጄ ወስዶ አነበበው።

«ወንድሜ፣ አዲስ መሆኑ እኮ የሌላውን ሥራ ይዟል ማለት አይደለም» አለኝ።

ከዚያ አስረዳኝ። አንዱ እትም ከሌላው ላይ የተሠራ ከሆነ ጊት ራሱ የኋለኛውን ይወስዳል። ሁለቱ ለየብቻ ከሄዱ ግን አንዱን መምረጥ ሌላውን መጣል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሹ ፕሮጀክት ውስጥ ገብቶ ሁለቱን ማዋሃድ፣ ከዚያ ሁለቱንም የያዘውን አዲስ እትም ቁጥር ትልቁ ላይ ማስመዝገብ። ይኸው ነው። ሻይዬ ገና አልበረደም ነበር።

«አውቀዋለሁ፤ ልፈትንህ ብዬ ነው» አልኩት።

«እሺ» አለኝ። እሺ ብቻ።

ወደ ፎቅ ወጥቼ ጻፍኩትና ስሜን አኖርኩበት። አለቃዬ ግን አንዴ ተቃጥሏል፤ ገጹን ይዞ ሁላችንንም አስከትሎ ወረደና፣ ዘበኛው ከገባው ለሁሉም ይገባል ብሎ ለዳዊት ሰጠው። ዳዊት አንብቦ፣ አንድም ሳይሳሳት በእንግሊዝኛ አስረዳ። አለቃዬም ወደ ሰዉ ዞሮ፣ ጸሐፊ ማለት ይህ ነው፣ ለዘበኛ እንኳ የሚገባ ይጽፋል አለ። ሁሉም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። ዳዊትም በጣም ግልጽ ነው ብሎ መሰከረልኝ።

የሰው ወርቅ አያደምቅ።

በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ገባሁና፣ ገጹ የዳዊት ነው፣ መቅጠርም ያለብህ እሱን ነው አልኩት። ይህን ለማለት ሌሊቱን ሙሉ ተለማምጄ ነበር። አለቃዬ ከወንበሩ ተነሥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ችሎታህን አውቅ ነበር፣ ትሕትናህን ግን ዛሬ አየሁ አለኝ። ከሰዓት በኋላ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰኝ። በዕድሜዬ አንዴ እውነት ብናገር ለትሕትና ተቆጠረልኝ።

የሆነውን ለዳዊት ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ እንባው እስኪወርድ ሳቀና፣ «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ፤ ከልቡ።

በዚያም ቀናሁበት።