ሊፍቱ እስኪመረቅ ድረስ

የቤተሰብ ሐኪሞችን ስለ ረጅም ኮቪድ ለማሠልጠን የተቋቋመው ኮሚቴ ሦስተኛ መደበኛ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ወላይታ ሶዶ፣ የአዲሱ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ አዳራሽ
ሰዓት፦ ለ3:00 ተጠርቶ፣ "ሰው ይሟላ" ስለተባለ ከረፋዱ 4:00 ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. አቶ ጌታነህ ጦና፣ ሰብሳቢ
2. ዶ/ር መክብብ፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም
3. ዶ/ር ትርሐስ፣ የቤተሰብ ሐኪም
4. አቶ ብሩ ዳና፣ የሕንፃው አስተዳደር ተወካይ
5. ወ/ሮ ናጂያ አብዱልከሪም፣ የጨርቅ ነጋዴ፣ የሕሙማን ተወካይ (ደረጃ ላይ)
6. ሙሉመቤት፣ ጸሐፊ (ድምፅ የላትም፤ እጅ ግን አላት፣ ትጽፋለች)

ያልተገኙ፦ ሁለት አባላት። አንደኛው በፈቃድ፤ ሁለተኛው ስለ ስብሰባ ሰዓት አከባበር ሊሠለጥኑ ሄደው አልተመለሱም።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባቱ አባላት አምስቱ ካልተገኙ መወሰን አይቻልም። አዳራሹ ውስጥ አራት ብቻ ነበሩ። አቶ ጌታነህ ወ/ሮ ናጂያ በምድር ቤቱ በር መግባታቸው በዓይን መታየቱን፣ ደረጃ የሌለው አራተኛ ፎቅም ስለማይታሰብ ደረጃው የአዳራሹ አካል መሆኑን አስረዱ። ከረጅም ውይይት በኋላ ደረጃ ላይ ያለ አባል እንደ ተገኘ እንዲቆጠር ተወሰነ።

አጀንዳ 1፦ ስለ ሊፍቱ (ሳይያዝ የገባ)

ዶ/ር ትርሐስ ወ/ሮ ናጂያ ኮቪድ ከለቀቃቸው ዓመታት ቢያልፉም ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው፣ ድካሙ አልጋ ላይ እንደሚያውላቸው፣ የሚያውቁትንም ነገር እንደሚረሱ አስታወሱ። ወንድማቸው አቶ ሱሀይብ ይህን ስንፍና እንደሚሉት፣ ዛሬም ምድር ቤት ተቀምጠው እንደሚጠብቁ፣ ሐኪሞቹ እንደ ወትሮው "ምንም የለብሽም" ካሉ የእህታቸውን ሱቅ ቁልፍ ሊረከቡ እንደመጡ ገለጹ። እንዲህ ያለች ሴት የሚሠራ ሊፍት እያለ በደረጃ ለምን እንደምትወጣም ጠየቁ።

አቶ ብሩ ሊፍቱ ደህና እንደሚሠራ፣ ሆኖም እዚሁ አራተኛ ፎቅ በሩ ላይ የታሰረው የምርቃት ሪባን እንዳልተቆረጠ፣ የክብር እንግዳውም ካለፈው ዓመት የጊፋታ በዓል ወዲህ "በዚህ ሳምንት ይመጣሉ" እየተባለ እየተጠበቁ መሆኑን መለሱ። ጸሐፊዋ የዛሬዎቹ ወንበሮችና የለስላሳ ሳጥኖች በሊፍቱ መጥተው ከሪባኑ ሥር አልፈው መግባታቸውን ብትጠቁም፣ አቶ ብሩ ቃል በቃል፣ "ዕቃና ሰው አንድ አይደለችም። ዕቃ ቢወጣ ሊፍቱ ገና ነው፤ ሰው ከገባ ግን ተመርቃለች ማለት ነው" ብለዋል።

ዶ/ር ትርሐስ እንግዲያው ወ/ሮ ናጂያ እንደ ዕቃ ተመዝግበው ይውጡ ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። በምፀት ይመስላል። አቶ ጌታነህ ግን ሐሳቡን በአክብሮት ተቀብለው፣ ዕቃ ገቢ ለማድረግ ሞዴል 19 ደረሰኝ እንደሚያስፈልግ፣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ለለቅሶ ቦምቤ መሄዱን፣ በተጨማሪም ንብረት ላይ ቁጥር በቀለም እንደሚጻፍና ይህን በሰው ሚስት ላይ ማድረግ ነውር መሆኑን አብራሩ። ሐሳቡ ወደቀ። ዶ/ር ትርሐስም ሳያስፈቅዱ አንድ ወንበር ተሸክመው ደረጃውን ወረዱ። እሳቸውም በተወሰነው መሠረት እንደ ተገኙ ተቆጠሩ።

አጀንዳ 2፦ በሽታው ስለ መኖሩ

ዶ/ር መክብብ በሙያ ዘመናቸው "ይደክመኛል፣ ይረሳኛል" የሚል ሰው ሲመጣባቸው ጨጓራ መሆኑን፣ ጨጓራ ካልሆነ ታይፎይድ፣ ታይፎይድ ካልሆነ ጭንቀት፣ ጭንቀት ካልሆነም ተመልሶ ጨጓራ መሆኑን በዝርዝር አስረዱ። አቶ ጌታነህ ኮቪድ መግባቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በጊዜው እንደደረሳቸው፣ መርዘሙን የሚገልጽ ግን እስካሁን እንዳልደረሳቸው አከሉ። አቶ ብሩ አክስታቸው ዲምቱ ውስጥ ልክ እንደዚህ መሆኗን፣ ድሮ ጎህ ሳይቀድ እርሻ የምትወርድ ሴት አሁን እንስራ ሞልታ መቆም እንዳቃታት ተናገሩ። ሰብሳቢው ይህ ከአጀንዳው ውጪ መሆኑን አሳሰቡ።

የበሽታው ምልክቶች በዝተው ለሥልጠናው በሚሰቀለው ባነር ላይ ስላልበቁ ቅነሳ ተደረገ። "ድካም" ከተጻፈ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ ሊታከም ስለሚሰለፍ ተሰረዘ። "መርሳት" በውይይቱ መካከል ተረሳ። ባነሩ ላይ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ብቻ እንዲጻፍ ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ሥልጠናው

ሀ) በሽታው ረጅም ስለሆነ ሥልጠናው ቢያጥር ሚዛን እንደሚጠብቅ ታምኖ ግማሽ ቀን ሆነ።
ለ) ከሃላሌ፣ ከቦምቤና ከዲምቱ የሚጠሩ ሐኪሞች መንገድ እንዳያንገላታቸው የምስክር ወረቀቱ አስቀድሞ እንዲላክላቸው፣ ከደረሳቸውም መምጣት እንዳይገደዱ ተወሰነ።
ሐ) ቦታው ይኸው አራተኛ ፎቅ ሆነ። የሕሙማን ተሳታፊዎች ከዋዜማው መውጣት ይጀምሩ።
መ) ምሳ ቁርጥ በዳጣ እንዲሆን አቶ ብሩ አቀረቡ። የከተማውን ሕዝብ ሁሉ ጨጓራ አለበት ያሉት ዶ/ር መክብብ ቀድመው ደገፉ። ዳጣው በደንብ እንዲያቃጥልም አሳሰቡ።

ሁሉም በሙሉ ድምፅ ጸደቁ። አዳራሹ ውስጥ የወጡት እጆች ሦስት ናቸው።

አጀንዳ 4፦ የሕሙማን ድምፅ

ወ/ሮ ናጂያ ገና ስላልደረሱ ዶ/ር መክብብ ስለ እሳቸው እንዲናገሩ ተደረገ። ሐኪማቸው እንደመሆናቸው ደጋግመው መርምረዋቸው ምንም እንዳላገኙ፣ እንዲያርፉና ነገር እንዳያበዙ መምከራቸውን ገለጹ። ከዚያ ጸሐፊዋ ወርዳ እንድታይ ታዘዘች። በሌለችበት የተባለው አልተመዘገበም፤ ብዙም የቀረ አይመስላትም።

ጸሐፊዋ ተመልሳ ያየችውን አቀረበች። ወ/ሮ ናጂያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በወረደላቸው ወንበር ተቀምጠዋል። ዶ/ር ትርሐስ ከእግራቸው ሥር ባዶው ደረጃ ላይ ናቸው፤ ይጠይቃሉ፣ ይሰማሉ፣ አያቋርጡም። ወ/ሮ ናጂያ ድሮ የሱቁን ጨርቅ ሁሉ ዋጋ በቃላቸው እንደሚያውቁ፣ አሁን ደንበኛ ፊት ቆመው የጨርቁ ስም እንኳ እንደሚጠፋቸው፣ ያን ጊዜ ከሞት ይልቅ እፍረቱ እንደሚብስባቸው ሲናገሩ ሰምታለች። ጸሐፊዋ እዚያ ቆማ አልቅሳለች፤ ይህም ይመዝገብላት።

ኮሚቴው ይህን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ ስንተኛ ፎቅ እንደደረሱ በድጋሚ ጠየቀ።

ብዙም ሳይቆይ ወ/ሮ ናጂያ በዶ/ር ትርሐስ ተደግፈው ገቡ። አቶ ጌታነህ ዘግይቶ የገባ አባል ቆሞ ይሰበሰባል የሚለውን ደንብ ሊያነቡ ሲሉ፣ አቶ ብሩ እንዳደጉበት ወግ "ኖር!" ብለው ብድግ አሉ። ሌሎቹም ተነሡ። ወ/ሮ ናጂያ "ኧረ ተቀመጡ" የሚሉበት ትንፋሽ አልነበራቸውም። ያልተፈቀደለት ሰው መቀመጡ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ኮሚቴው በሙሉ ቆሞ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቀ።

ዶ/ር መክብብ ፊት ለፊታቸው ነበሩ፤ የሚያዩት ሌላ ነገር አልነበራቸውም። የወ/ሮ ናጂያ ትከሻ በየትንፋሹ ሲነሣ፣ ከንፈራቸው ሲገረጣ ቆመው አዩ። ቆይተው ጠጋ አሉና የእጃቸውን የደም ሥር ያዙ። ጨጓራ የሚለውን ቃል አልተናገሩም። ከዚያ በኋላም በስብሰባው ላይ አልተናገሩትም።

ወ/ሮ ናጂያ በመጨረሻ "ተቀመጡ" አሉ። ሁሉም ተቀመጠ። የተወሰነው ሲነበብላቸው እጃቸውን አንሥተው፣ "ሥነ ሥርዓት!" አሉ። ቃላቸው እንዲህ ነበር፦ "ደረጃ ላይ ሆኜ ተገኝታለች ከተባልኩ፣ እጄ ሲወጣ ማን አየው? የለችም ከተባልኩ ደግሞ አምስት አልሞላችሁም። እኔ ጨርቅ የምሸጠው ለክቼ ነው፤ እናንተ ምኑን ለክታችሁ ነው የቆረጣችሁት?"

አቶ ጌታነህ ደንቡን ገለጡ፤ መልሰው ዘጉ። ከአጭር ውይይት በኋላ (የመጀመሪያው ነው) የሚከተለው ተወሰነ።

ውሳኔ፦ ከመክፈቻው ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ባነሩ፣ ግማሽ ቀኑ፣ አስቀድሞ የሚላከው የምስክር ወረቀት፣ አራተኛው ፎቅ፣ ቁርጡም ጭምር። በቁርጡ ላይ አቶ ብሩ ልዩነታቸውን አስመዝግበዋል። ሥልጠናው ምድር ቤት ይሆናል፤ የመጀመሪያዋ አስተማሪ ወ/ሮ ናጂያ፣ የመጀመሪያው ሠልጣኝ በራሳቸው ጥያቄ ዶ/ር መክብብ ናቸው።

አሁን የቀረው መውረዱ ነበር። ወ/ሮ ናጂያ ከቦርሳቸው የሱቃቸውን መቀስ አወጡ። አቶ ብሩ ሪባን ያለ ክብር እንግዳ እንደማይቆረጥ ተቃወሙ። አቶ ጌታነህ የተጠሩት እንግዶች ሁሉ በመኪና እንመጣለን ብለው እንደቀሩ፣ በእግራቸው የመጡት ወ/ሮ ናጂያ ብቻ መሆናቸውን ጠቅሰው የክብር እንግዳ አድርገው ሰየሟቸው። ሪባኑ ተቆረጠ። አቶ ብሩ ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ፤ አክስታቸውን ከዲምቱ እንደሚያመጧትም ተናገሩ።

ስብሰባው ከቀኑ 6:30 ሊፍቱ ውስጥ ተዘጋ። በሩ ምድር ቤት ሲከፈት አቶ ሱሀይብ እጃቸውን ለቁልፉ ዘርግተው ቆመው ነበር። ዶ/ር መክብብ ቀድመው ወጡና፣ "እህትህ ታማለች። ሰነፍ አይደለችም። ያላወቅሁት እኔ ነኝ" አሏቸው።

አቶ ሱሀይብ የኮሚቴው አባል ስላልሆኑ መልሳቸው በዚህ ቃለ ጉባኤ አይሰፍርም። ጸሐፊዋ ግን ቁልፉ ከወ/ሮ ናጂያ እጅ እንዳልወጣ አይታለች።