የጋሽ ሽብሩ ቮልስ እና ለመንገዱ የሚስማማው ዜማ

በየከተማው አሮጌ መኪና ያለው አንድ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ደግሞ የትም ይኑር የት፣ መኪናው ጆሮ አላት ብሎ ያምናል። ሚስቱ ብትቆጣው ይረሳዋል፤ መኪናዋ ካስነጠሰች ግን «ምን አስቀየማት?» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ይውላል። ስለ ሌሎች ከተሞች ሰው ሌሎች ያውሩ። የሆሳዕናው ጋሽ ሽብሩ ናቸው። እኔ ደግሞ የግድግዳ ጎረቤታቸው ስለሆንኩ በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የመናገር መብት አለኝ።

ክቡርነታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ በግብርና መሥሪያ ቤት የእንሰት ባለሙያ ሆነው አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። ሰማያዊ ቮልስ አለቻቸው። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ኩራቷም እንደዚያው ነው። ቀለሟ ያበራል፣ በሮቿ ሲዘጉ ድብ ይላሉ፣ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ትርትር ይላል። ከመሪው አጠገብ ካሴት የሚጎርስ ቴፕ አላት። ካሴቶቹ በጫማ ካርቶን ተደርድረው ከፊት ወንበር ሥር ይቀመጣሉ፤ ማለትም እኔ እግሬን መዘርጋት የምፈልግበት ቦታ ላይ።

ጋሽ ሽብሩ ካሴት ሳይመርጡ ሞተር አያስነሡም። «መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ ሞተር» ይላሉ። ምርጫው ደግሞ በዋዛ የሚያልቅ አይደለም። መጀመሪያ ሰማዩን ያያሉ። ቀጥሎ መንገዱን ያስባሉ፤ ወደ አንጋጫ ነው ወይስ ወደ ሆመቾ? ከዚያ ዞር ብለው የተሳፋሪውን ፊት እንደ ሐኪም ያጠናሉ።

«እንዴት አደርክ ዘርአብሩክ? ልብህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» ካልኩ አንድ ካሴት ያነሣሉ። ድምፄ ካጠራጠራቸው መልሰው ያስቀምጡና ሌላ ይፈልጋሉ። በዚህ መሃል የዳምቦያው ሚኒባስ ሞልቶ፣ ወጥቶ፣ ሰው አራግፎ ይመለሳል።

ሕግ አላቸው። ለጠዋት ክራር። ለዝናብ ዋሽንት። ለቁልቁለት ሳክስፎን፤ «ሳክስፎን ፍሬን ያግዛል» ይላሉ፣ እንዴት እንደሚያግዝ ግን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። ትዝታ ዳገት ላይ ክልክል ነው። አንድ ቀን የአንጋጫን ዳገት ስንጀምር እጄ ወደ አንድ የትዝታ ካሴት ሲሄድ አይተው አንጓዬን ቀጨም አደረጉት።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልከፍተው ነዋ።»

«ትዝታ? ዳገት ላይ? መኪናዋ ወደኋላ እንድታይብኝ ነው?»

ሌላ ጊዜ ደግሞ ቮልሷ ሙሽራ እንድትይዝ ተለመነች። የሙሽራው ሚዜ ሱፉን ለብሶ፣ ፍላሽ ይዞ መጣ። ጋሽ ሽብሩ ፍላሹን በሁለት ጣታቸው እንደ በረሮ አንጠልጥለው አዩት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ሺህ ዘፈን አለባት፣ ጋሼ።»

«ሺህ? ታዲያ የቱን መረጥክ?»

ሚዜው ፍላሹን ተቀብሎ መልሶ ኪሱ ከተተ። ሙሽሮቹ በሰው መኪና ሄዱ።

ይህ ሁሉ ቀልድ የሚመስለው ጋሽ ሽብሩ ሲነዱ ላላየ ሰው ነው። እሳቸው የሚነዱት በዘፈኑ ፍጥነት ነው። ዜማው ሲረጋ ይረጋሉ፤ ከበሮው ሲሞቅ እግራቸው ነዳጁ ላይ ይከብዳል። አንድ ቅዳሜ አዲሎ መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ፖሊሱ ራሱ ያየውን ማመን ያቃተው ይመስል ነበር። ከዚያ በፊት ቮልስን በፍጥነት የከሰሰ ሰው ያለ አይመስለኝም።

«ምን ሆነው ነው አባቴ?»

«ጥፋቱ የከበሮው ነው» አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ ሳያፍሩ።

«የምን ከበሮ?»

ከፈቱለት። ፖሊሱ ኮስተር ብሎ አዳመጠ። ትንሽ ቆይቶ የቀኝ ትከሻው ያለ ፈቃዱ ሲነቃነቅ አየሁ። እሱም አየው መሰለኝ፣ ወዲያው ቀጥ ብሎ ቆመና «ይህን ካሴት ከተማ ውስጥ እንዳይከፍቱ!» ብሎ አስጠንቅቆ አሳለፈን።

ባለቤታቸው እትዬ ሂሩት የጸሎት ቤት ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው መዘምራን ውስጥ ነበሩ። እሑድ እሑድ በዚያች መኪና ውስጥ መዝሙር ብቻ ነው የሚሰማው፣ ድርድር የለም። በሌላው ቀን ግን አይጫኗቸውም። «የእኔ ባል የሚያኮርፈው በአፉ አይደለም» ብለውኛል አንድ ቀን። «በካሴት ነው። ቃል የሌለው ሙዚቃ ከከፈተ ተቀይሞኛል ማለት ነው። ያኔ ዝም ብዬ ቆሎ አቀብለዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ዘፋኙ ይመለሳል።»

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሾፌር ለቸኮለ ሰው አይመከርም። እኔ ደግሞ ነሐሴ ላይ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቸኩዬ በማላውቅበት ጠዋት፣ የሳቸውን በር መደብደብ ግድ ሆነብኝ።

እህቴ ሰብሌ ሆመቾ አስተማሪ ናት። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ቀኗ ገና ነው ስለተባለ ባሏ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄዷል። ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ነርስ ሳምሪ ነበረች።

«ሰብሌን ምጥ ይዟታል» አለችኝ። «የልጁ አቀማመጥ አላማረኝም፣ ሆስፒታል መግባት አለባት። አምቡላንሱ ሌላ እናት ይዞ ወጥቷል። በዚህ ዝናብ እዚህ ያገኘነው ሞተር ሳይክል ብቻ ነው። ቶሎ መኪና ይዘህ ና።»

ባጃጅ በዚያ ጭቃ አይወጣም። የማውቃቸው ባለመኪናዎች ስልክ አያነሡም። ሮጬ የጋሽ ሽብሩን በር ደበደብኩ።

«ጋሽ ሽብሩ! ሰብሌን ምጥ ይዟታል፣ ሆመቾ ናት፣ አምቡላንስ የለም! በፈጠረዎት ካሴት እንዳይመርጡ!»

ቁልፋቸውን ይዘው በነጠላ ጫማ ወጡ። ካርቶኑ ዝናብ እንዳይገባበት ተብሎ ሳሎን ተቀምጧል። በአጠገቡ ሲያልፉ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። ሞተሩ ተነሣ፣ ሄድን።

በዝምታ ጥቂት እንደተጓዝን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጋሽ ሽብሩ መንዳት ጠፍቷቸዋል። ማርሹ ይንቋቋል፣ አንድም ጉድጓድ አያመልጣቸውም፣ ሲላቸው ይበራሉ፣ ሲላቸው ይንፏቀቃሉ።

«ምን ሆኑ?» አልኳቸው።

«ልኩ ጠፋብኝ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከመስታወቱ ሳያነሡ። «ቶሎ ስል ይበዛል፣ ቀስ ስል ያንሳል። የሚነግረኝ የለም።»

እንደዚያም ሆነን ሆመቾ ደረስን። ሰብሌን ከኋላ ወንበር አስቀመጥናት፤ ሳምሪ አብራ ገብታ ደገፈቻት። መመለሻው ከመሄጃው ባሰ። ጉድጓድ በገባን ቁጥር እህቴ ትጮኻለች። እኔ «ቀስ!» እላለሁ፣ ሳምሪ «ፍጠኑ እባክዎ!» ትላለች። ጋሽ ሽብሩ በሁለታችን መካከል ሆነው፣ ያ ሁሉ ብርድ እያለ፣ ላብ አጠመቃቸው። ቮልሷ አንድ ጊዜ ዳገት ላይ ጠፋች። እንደገና ሲያስነሡ ቁልፉ ሁለት ጊዜ አመለጣቸው። በልጅነቷ ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ገበያ ይወስዷት የነበረችው ልጅ ናት ከኋላቸው የምትጮኸው።

«ጋሽ ሽብሩ» አለች ሰብሌ ጥርሷን ነክሳ። «እባክዎ አንድ ነገር ይክፈቱልኝ። የራሴን ጩኸት መስማት ደከመኝ።»

«ካሴት አልያዝኩም፣ ልጄ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። አንድ ኩርባ አለፍን። ከዚያ ጋሽ ሽብሩ ራሳቸው መዘመር ጀመሩ።

ይህን ያህል ዘመን ጎረቤታቸው ሆኜ ሲያንጎራጉሩ እንኳ ሰምቻቸው አላውቅም። ምክንያቱ ወዲያው ገባኝ። ድምፃቸው የዛገ የቆርቆሮ በር ነው። ዜማውን አንድ ቦታ ይጀምሩታል፣ መሃል ላይ ይጥሉታል፣ መጨረሻው ላይ ሌላ ዜማ አግኝተው ይመጣሉ። መዝሙሩ በሀዲይኛ ነበር፣ ቀስ ያለ፣ የድሮ የመዘምራን መዝሙር። የእኛ ቤት ከሰሜን የመጣ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ነው። እኔና ሰብሌ ግን ያደግነው ከሠፈር ልጆች ጋር በሀዲይኛ እየተሰዳደብን ስለሆነ ቃሉ አይጠፋንም።

ሰብሌ በምጡ መሃል ሳቀች። «ኧረ በማርያም! ምን ዓይነት ድምፅ ነው?»

«ልተወው?»

«እንዳይተዉት!»

አልተዉትም። እየዘመሩ ሲሄዱ ደግሞ እጃቸው መሪው ላይ ረጋ፣ ማርሹ ለሰለሰ፣ መኪናዋ ጉድጓዱን እየዞረች ልኳን አገኘች። ሳምሪ ነገሩን ከሁላችን ቀድማ ነቃችበት። «ከሳቸው ጋር ተንፍሺ» አለቻት። «ሲያረዝሙት አንቺም አርዝሚው።» ምጡ ሲመጣ ሰብሌ ወንበራቸውን ጨምድዳ ትይዛለች፤ ጋሽ ሽብሩም ሕመሙ እስኪያልፍ ድረስ ያችኑ አንዲት ድምፅ፣ አንገታቸው ተገትሮ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ይስቧታል። ሲያልፍላት ወደሚቀጥለው ስንኝ ይሄዳሉ። አዝማቹ ላይ ሰብሌ መቀበል ጀመረች። እኔም ተቀበልኩ። ሳምሪ የዱራሜ ልጅ ስለሆነች የሀዲይኛውን ቃል አታውቀውም፤ ዜማውን ታንጎራጉር ነበር፤ ከአራታችንም በትክክል የዘመረችው እሷ ብቻ ነበረች።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ ተቀብለው አስገቧት። በሩ ተዘጋብን። ጠበቅን። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች።

ልነግራቸው ስወጣ ጋሽ ሽብሩ በዚያ በነጠላ ጫማቸው ቮልሷን ተደግፈው ቆመዋል።

«ሴት ናት» አልኳቸው።

«ሰብሌስ?»

«ደህና ናት። ድምፅዎን እያማች ነው።»

ሊስቁ ሲሉ አለቀሱ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ሸፈኑበት።

እትዬ ሂሩት አጥሚት ይዘው ሲደርሱ የሆነውን ነገርኳቸው። ማመን አቃታቸው። «ሽብሩ ዘመረ?» ብለው ቆሙ። ከዚያ ጠጋ አሉኝና የማላውቀውን አወሩኝ። «ወጣት እያለን መዘምራን ውስጥ ሊገባ መጥቶ ነበር። መሪያችን አንድ ስንኝ ብቻ ሰማውና ‹ወንድም ሽብሩ፣ አንተ ድምፅ ማጉያውን ተሸከም› አለው። ሰው ሁሉ ሳቀበት። እሱ ግን አልቀረም፤ ከሰፈር ሰፈር ተሸከመው። ከዚያ ወዲህ እኔ ፊት እንኳ አንድ ዜማ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። የሌላውን ድምፅ ሲመርጥ ነው የኖረው።»

ከመኪናዋ አጠገብ ወደቆሙት ባላቸው ሄዱ። ከዚያ የመጀመሪያውን ኩባያ አጥሚት ለአራስ ሳይሆን ለሳቸው ቀዱላቸው።

ልጅቷ አሁን ትሮጣለች። ጋሽ ሽብሩ ግን ዘመሩ የሚባለውን እስከ ዛሬ ይክዳሉ። «ሞተሩ ነው የሰማችሁት» ይላሉ። ሰው ፊት ደግሜ ካነሣሁባቸው በሚቀጥለው ጉዞ ቃል የሌለው ሙዚቃ ይከፈትብኛል።

እኔ ከእሳቸው ጋር ሆመቾ የምሄድበት ጉዳይ እየቀነሰ ነው፤ ሰብሌ ወደ ሆሳዕና ተዛውራለች። ቅዳሜ ሲሆን ግን እንዲያው ጉዳይ አይጠፋኝም። ባለፈው ሳምንትም ጉዳይ ነበረኝ። ከተማውን ለቀን፣ ግራና ቀኙ እንሰት ብቻ ሲሆን፣ ቀስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ዛሬ ቴፑ ቢያርፍስ?»

ገላመጡኝ። በመስታወት ወደኋላ አዩ፤ የሚከተለን መኪና የለም። ወደፊት አዩ፤ መንገዱ ባዶ ነው። ከዚያ በጎናቸው ያለውን መስታወት ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርገው እስከ ላይ ዘጉት።

«ያንተንም ዝጋው» አሉኝ።