ሚልኬሳ «ምክንያቱም» ላይ የተወው መስመር

የካቲት 14 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሐሙስ። ጉደር በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን አንድ ስክሪን ላይ ይህ ዓረፍተ ነገር ቀርቷል፦ «ይህን የሚሞሪ ቦታ እዚህ ላይ መልቀቅ አደጋ የለውም፤ ምክንያቱም»። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።

በዚህ አገር አንድም መሥሪያ ቤት፣ አንድም ሰፈር፣ አንድም ሚኒባስ «ለምን?» ባይ አጥቶ አያውቅም። ወንበር ስትስቡ «ማን ይመልሰዋል?» ይላል። ቁልፍ ስትወስዱ «እስከ ስንት ሰዓት?» ይላል። «ግድ የለም፣ ምንም አይሆንም» ካላችሁትማ አለቀላችሁ፤ «እንዴት አወቃችሁ?» ብሎ መልስ እስኪያገኝ ከፊታችሁ አይነሳም። የእኛ መሥሪያ ቤት ዕጣ ፈንታ ክቡር ኦቦ ሚልኬሳ ነበሩ።

ክቡርነታቸው ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ያንሳሉ። አንቱ ያልናቸው ለዕድሜያቸው ብለን ሳይሆን ደክሞን ነው። እሳቸው የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች ይጠብቃሉ፤ እኔ መዝገብ ቤቱን እይዛለሁ፤ በመካከላችን አንድ ስስ የችፑድ ግድግዳ ነበር። እኔም በፋይል አያያዝ የማልታማ፣ በዚሁ ሙያ ዲግሪ ያለኝ ሴት ነኝ። ሆኖም ለአንድ ሰው ፋይል አውጥቼ በሰጠሁ ቁጥር ችፑዱ ይንኳኳል።

«አዴ ሃዋኒ! ማን ወሰደው?»

«ኦቦ ዋቅጋሪ።»

«ማን ይመልሰዋል?»

«ራሱ ነዋ!»

«እሱ ፈቃድ ቢወጣስ?»

የሚያናድደው ጥያቄው አልነበረም። ዋቅጋሪ በማግስቱ ፈቃድ መውጣቱ ነበር።

አንድ ጊዜ ከጊንጪ ወደ አምቦ አብረን ተሳፈርን። ሾፌሩ ገና ሞተር ሳያስነሳ «አይዟችሁ፣ ፍሬኑ አሪፍ ነው» አለ። ማንም አልጠየቀውም ነበር። ኦቦ ሚልኬሳ አንገታቸውን አስግገው፣ «እንዴት አወቅህ?» አሉት።

«ትናንት ይዞልኛላ!»

«ትናንት እንደ ዛሬው ሞልቶ ነበር?»

«ኧረ ሰውዬ፣ ወይ ውረድ ወይ አስኪደን!» አለች ከኋላ አንዲት ነጋዴ። ወረዱ። እኔም ወረድኩ፤ ቦርሳዬ እሳቸው ጭን ላይ ነበርና። ሚኒባሱ በሰላም አምቦ ገባ፤ እኛ ፀሐይ ላይ ቀረን። «ደርሷል እኮ!» ብዬ ብጮህባቸው፣ «መድረሱ ምክንያት አይደለም» አሉኝ።

እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ የሚመቸው ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ እሳቸውም አገኙት። የኮምፒውተር ከርነል ውስጥ የሚገባ ኮድ መጻፍ ጀመሩ። «ከርነል ማለት» አሉኝ ሽሮ እየበላን፣ «ለሁሉም ፕሮግራም ሚሞሪ የሚያድለው ነው። ቦታ ትጠይቂያለሽ፣ ትሠሪበታለሽ፣ ትመልሻለሽ። ካልመለስሽ ያልቃል። ሌላው እየሠራበት ከመለስሽው ደግሞ ማሽኑ በሙሉ ይወድቃል።» የእሳቸው ኮድ ሜዳ ላይ ከተተከለው የዝናብ መለኪያችን ቁጥር ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ያስረክባል። ከርነሉ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ውጭ አገር ላሉ፣ በአካል ለማያውቋቸው የኮድ መርማሪዎች ይልኩታል፤ እዚህ ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ ወርደው ይልኩት ነበር። ሦስት ዓመት ለፉበት።

መርማሪዎቹ አንድ ሕግ አላቸው። ማሽኑ ራሱ ሊያረጋግጠው ከማይችለው ከእያንዳንዱ አደገኛ መስመር በላይ፣ ለምን አደጋ እንደሌለው በሰው ቋንቋ ይጻፋል። ኦቦ ሚልኬሳ ይህን ሕግ ያነበቡ ቀን ለመላው ቢሮ ሻይ ጋበዙ። የሥራ ባልደረባቸው ቀንዓ ግን ከአንዱ መስመር በላይ «ይሠራል» ብሎ ጽፎ ተገኘ። ጩኸቱ በችፑዱ አልፎ እኔ ዘንድ ደረሰ፦ «'ይሠራል' ምክንያት አይደለም!»

ያን መስመር «ምክንያቱም» ላይ በተወው ማግስት፣ ዓርብ ጠዋት ሚልኬሳ ከእንቅልፉ ሳይነቃ ቀረ። ከዚህ በኋላ አንቱታው ከአፌ አይወጣም።

ከቀብሩ በኋላ ቢሮ ስንመለስ ከመርማሪዎቹ አንድ መልእክት ጠበቀን። ኮዱ ጥሩ ነው፤ የቀረው ያቺ አንዲት ምክንያት ናት፤ ካልተሟላች ሥራውን ይዘጉታል። ሦስት ዓመት የለፋበት ነገር አብሮት ሊቀበር ነው።

«አዴ ሃዋኒ፣ እኛ እንሙላለት» አለ ቀንዓ ዓይኑን እየጠረገ። «'ምክንያቱም እስከ ዛሬ ወድቆ አያውቅም' ልበላቸው?»

«መድረሱ ምክንያት አይደለም» አልኩ። ከየት እንደወጣኝ አላውቅም። ሁለታችንም ወደ ችፑዱ ዞርን።

ከዚያ ወንበሬን ስቤ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ኮድ አላነብም፤ ስለ ፋይል የሚጠየቀውን ግን አውቃለሁ። «ይህን ቦታ ማን ወሰደው?» አልኩት። መለሰ። «ማን ይሠራበታል?» መለሰ። «ማን ይመልሰዋል? መቼ?»

«የመለኪያው ገመድ ሲነቀል ወዲያው ይመለሳል።»

«ያኔ ገና እያነበበ ያለ ፕሮግራም ቢኖርስ?»

ቀንዓ ስክሪኑ ላይ ኮዱን ይዞ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ወረደ፣ እንደገና ወደ ላይ ሄደ። «አዴ...» አለ በመጨረሻ፣ «እያነበበ ከሥሩ ይወሰድበታል። ማሽኑ ይወድቃል።»

ለካ ምክንያት አልነበረም። ሚልኬሳን ዓረፍተ ነገሩን ያስቋረጠው ሞት አይደለም። «ምክንያቱም» ብሎ ጻፈ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ፈለገ፣ አጣው፤ እጁም ውሸት መጻፍ አልሆነለትም። በቀብሩ ያላለቀስኩትን እዚያ ወንበር ላይ አለቀስኩ። ሁሉ ሰው «እንዴት አወቅህ?» ባይን ይጠላል፤ እኔም ስንቴ ችፑዱን በጡጫ መትቼ ዝም አሰኝቼዋለሁ። አሁን ግን አንድ ጊዜ ቢያንኳኳልኝ ምን ባልሰጠሁ!

ቀንዓ ኮዱን አስተካከለው። እያንዳንዱ አንባቢ ሲገባ ይመዘገባል፣ ሲወጣ ይሰረዛል። ዓረፍተ ነገሩም ሞላ፦ «ምክንያቱም የመጨረሻው አንባቢ ሳይወጣ ቦታው አይለቀቅም።» በሚልኬሳ ስም ላክነው፤ ተቀበሉት።

«ግን እኮ» አለ ቀንዓ ያን ቀን፣ «እሱ ስህተት አግኝቶ ሳያስተካክል ተነስቶ አያውቅም። ሐሙስ ዕለት የት ሄደ?»

መልሱን ያገኘሁት አምቦ፣ እነ ሚልኬሳ ሰፈር፣ ከጎረቤቱ ከአዴ ድንቅቱ ነው። ባለቤቷን የቀበረችው በዚያው ሳምንት ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ሌላ ቤት ሰው ሞተና የእድሩ ወጣቶች ከደጇ የለቅሶውን ድንኳን ሊያነሱ መጡ፤ እሷ ግን ገና ከውስጥ ተቀምጣለች። የእድሩ ዕቃ ኃላፊ ሚልኬሳ ነበርና ደወሉለት። ከጉደር ተሳፍሮ መጣ።

«'ገመዱን እንዳትፈቱ' አላቸው» አለችኝ። «'ኧረ ኦቦ፣ ያኛው ቤት እየጠበቀን ነው' አሉት። 'ኤዬ፣ ይጠብቃል' አለና አጠገቤ ተቀመጠ። አንዲት ነገር አልጠየቀኝም።»

ሲበቃት በራሷ ጊዜ ተነሳች። ሚልኬሳ ክንዷን ይዞ ቤት አስገባት፤ ተመልሶ ድንኳኑን ከወጣቶቹ ጋር አጠፈ፣ ጋሪ ላይ ጫነ፣ ወደሚቀጥለው ለቅሶ ቤት ወስዶ ተከለው፤ የመጨረሻውን ካስማ በድንጋይ መትቶ አጥብቆ ወደ ቤቱ ሄደ።